ለደንበኞቻችን፦ ያስገባችሁት ቡኪንግ አንዴ እየታየ አንዴ የጠፋበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
ጎንደር

እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብዙዎቻችሁ ስለ ክፍል ማስያዣ ሲስተማችን ደውላችሁልናል። «ያስገባሁት ቡኪንግ ጠፋብኝ»፣ «ሳልነካው ሎግ አውት አደረገኝ» ብላችሁናል። እኛም መጀመሪያ ላይ «ኔትወርክ ይሆናል፣ ሪፍሬሽ አድርጉት» ብለን መለስንላችሁ። መልሳችን ስህተት ነበር። ጥፋቱ የእኛ ሰርቨሮች፣ ማለትም ሲስተሙን የሚያሠሩት ኮምፒውተሮቻችን ነው። ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። በሥራችሁ ላይ የደረሰ ችግር ስለሆነም ምን እንደተፈጠረ ዘርዘር አድርገን መንገር አለብን።

ነገሩን ያስያዘችን ፒያሳ አካባቢ ባለ ፔንሲዮን ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ እኅታችን ናት። ስክሪኑን በስልኳ ቀርጻ ላከችልን። እንግዳዋ 2 ክፍል ለ3 ሌሊት ይፈልጋል። አስገባች። ወደሚቀጥለው ገጽ ስታልፍ «3 ሌሊት፣ 0 ክፍል» ይላል። ሪፍሬሽ አደረገችው፤ 2 ክፍል ተመልሶ መጣ። አሁንም ነካችው፤ 0። ቪዲዮውን ደጋግመን አየነው። ኔትወርክ ሲበላሽ ገጹ አይከፈትም እንጂ ሌሊቱን ትቶ ክፍሉን ብቻ አያጠፋም።

ዌብሳይት በባሕርዩ የሚያስታውሰው ነገር የለም። እያንዳንዱ ክሊክ ለሰርቨሩ አዲስ ሰው የመጣ ያህል ነው። ስለዚህ ሎግ ኢን ስታደርጉ እንደ ሐኪም ቤት ካርድ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። ቁጥሩ ብሮውዘራችሁ ውስጥ ኩኪ ሆኖ ይቀመጣል። ፋይላችሁ ደግሞ እኛ ጋር ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ሴሽን የምንለው ይህንን ፋይል ነው። የእንግዳው ስም፣ የሌሊት ብዛት፣ የክፍል ብዛት፣ ገና ያልጸደቀው ሁሉ እዚያ ይቆያል።

ለጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ሁለተኛ ሰርቨር ጨምረን ነበር። የመጀመሪያው በ64 ቢት ኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሠራ ነው። አዲሱ አርም በሚባል ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሠራ አነስ ያለ ማሽን ነው። አርምን የመረጥነው መብራት ሲጠፋ በባትሪ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ነው፤ ምርጫው አሁንም ትክክል ይመስለናል። ሁለቱም ፋይሉን የሚያወጡት ከአንድ የጋራ ካርድ ክፍል ነው። የገባችሁበት ሰርቨር የትኛውም ቢሆን ፋይላችሁ ይገኛል። እኛም በዚህ ጨረስን ብለን ተቀመጥን።

ፋይሉ አልጠፋም ነበር። የተለየው አነባበቡ ነው። ይህን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ወደ ስሜን ለሚሄድ ፈረንጅ «መኪናው 12 ሰዓት ይመጣል» ብላችሁ ወረቀት ትታችሁለት ታውቁ ይሆናል። ሹፌሩ ማለዳ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እንግዳው እኩለ ቀን ነው ብሎ ተኝቷል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ግን በየራሳቸው ሰዓት አነበቡት።

በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ፕሮግራማችን ቁጥሮቹን የሚያስቀምጠው በሰው ፊደል ሳይሆን ማሽኑ በውስጡ በሚይዛቸው መልክ፣ ባይት በባይት ነበር። ባይት ማሽኑ መረጃ የሚይዝባት ትንሽ ሳጥን ናት፤ አንዷ 8 ቢት ትይዛለች። የድሮው ሰርቨር ለአንድ ቁጥር 8 ባይት ይመድባል። አዲሱ ላይ የጫንነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም 32 ቢት ስለነበር ለዚያው ቁጥር 4 ባይት ብቻ ይመድባል። እንግዲህ 3 ሌሊት በድሮው ሰርቨር ሲጻፍ አንድ 3 እና ሰባት ባዶ ባይት ይሆናል። ከዚያ ቀጥሎ የክፍሉ 2 ይመጣል። አዲሱ ሰርቨር የመጀመሪያዎቹን 4 ባይት አንብቦ 3 ያገኛል፤ ልክ ነው። ክፍሉን ፍለጋ ቀጣዮቹን 4 ሲያነብ ግን ገና የሌሊቱ ባዶ ባይቶች ላይ ነው። 0 ይላል። በዚህ አቅጣጫ የመጀመሪያው ቁጥር ሁሌም ትክክል መሆኑ ነው ለረጅም ጊዜ ያሳሳተን።

በተቃራኒው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አዲሱ ሰርቨር የጻፈውን የድሮው ሲያነበው ሌሊቱንና ክፍሉን አንድ ቁጥር አድርጎ ይጨፈልቃቸዋል። ሲስተሙ የሠራውን በሚመዘግብበት ሎግ ውስጥ 8,589,934,595 ሌሊት የሚል አግኝተናል። ሲስተሙ ይህን ሲያይ ሴሽኑን ይዘጋዋል። ሎግ አውት ያደረጋችሁ እሱ ነው።

ባይቶቹን ከየትኛው ጫፍ ጀምሮ እንደሚደረድር የሚለያይ ፕሮሰሰርም አለ። የእኛዎቹ ሁለቱ በዚህ ይስማማሉ። ባይስማሙ ኖሮ በ4 ባይት የተጻፈ 1 ሌሊት 16,777,216 ሆኖ ይነበብ ነበር።

የእንግዶቻችሁ ስም ግን አንድም ፊደል አልተነካም። የአማርኛ ጽሑፍ የምናስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 ስለሆነ ነው። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ጎንደር» 12 ባይት ነው። የባይቶቹም ተራ በየትኛውም ማሽን ያው ነው። መፍትሔውን ያሳየንም ይኸው ነው። ስሞቹ ከተረፉ ቁጥሮቹም እንደ ስም በጽሑፍ ይቀመጡ አልን።

ስለዚህ ሴሽኑን በሙሉ ጄሰን ወደሚባለው የጽሑፍ አቀማመጥ እያዞርነው ነው። «ክፍል፦ 2» ተብሎ የተጻፈ ነገር በየትኛውም ፕሮሰሰር 2 ነው። በ251 የሚጀምር ስልክ ቁጥርም ከእንግዲህ እንደ ስም ይቀመጣል እንጂ እንደ ሒሳብ ቁጥር አይያዝም። 12 አኃዝ ስላለው በ4 ባይት አይገባም፤ የዚያ መጠን ጣሪያ 2,147,483,647 ነው። አዲሱ ሰርቨር ላይም 64 ቢት ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንጭናለን። ማሻሻያ ሲኖር ደግሞ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበቡን ሳንሞክር ወደ እናንተ አንለቀውም። ይህን ሙከራ ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብን።

ለጊዜው እያንዳንዳችሁን ከአንድ ሰርቨር ጋር አስረናችኋል። ችግሩ ስለዚህ ጋብ ብሏል። ግን የታሰራችሁበት ሰርቨር ከጠፋ የጀመራችሁትም አብሮ ይቋረጣል። በዚህ ሁኔታ ጥምቀት ላይ እንድትደርሱ አንፈልግም።

ለውጡን የምናደርገው የፊታችን ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ሁላችሁም አንድ ጊዜ ሎግ አውት ትሆናላችሁ። ፓስወርድ መቀየር አያስፈልጋችሁም። የጸደቁ ቡኪንጎች ሌላ ቦታ ስለሚቀመጡ አይነኩም። ሲስተሙ 0 ክፍል ስለማያጸድቅም በስህተት የተመዘገበ አላገኘንም። የክፍያ መረጃ በሴሽን ውስጥ አናስቀምጥም። ጀምራችሁ ያላጸደቃችሁት ካለ ግን ይጠፋል፤ እባካችሁ ቅዳሜ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ጨርሱት። የሌሊት ተረኛ ያላችሁ ለተረኛው ንገሩልን።

ከእሑድ ጠዋት በኋላ አንድም ቁጥር ተቀይሮ ካያችሁ ሪፍሬሽ አታድርጉት። ሪፍሬሽ ስታደርጉት ወደ ሌላኛው ሰርቨር ልትሻገሩና ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት፤ ከነሰዓቱ በቴሌግራም ላኩልን። እሑድ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍሉ