ጉዳዩ፦ የማረጋገጫ ኮድ ባለመስጠቴ የተዘጋብኝን አቤቱታ ይመለከታል

ለባንኩ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ

ያለ ፈቃዴ ከሂሳቤ የወጣው ገንዘብ ዝርዝር በእጃችሁ ስለሚገኝ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ትናንት የደረሰኝ፣ «ደንበኛው ለመተባበር ፈቃደኛ ባለመሆናቸው አቤቱታቸው ተዘግቷል» የሚለው ባለ አንድ መስመር መልሳችሁ ነው።

አልተባበሩም የተባልኩት እንዲህ ሆኖ ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ እንደምትደውሉልኝ ቃል ገብታችሁ፣ በ9ኛው ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ደዋዩ ከማጭበርበር መከላከል ክፍል መሆኑን ነግሮኝ፣ ሙሉ ስሜንና የካርዴን የመጨረሻ 4 አኃዞች ከጠራ በኋላ «አሁን የሚደርስዎትን ባለ 6 አኃዝ ኮድ ያንብቡልኝ» አለኝ። መልእክቱ ወዲያው ገባ፤ ከኮዱ ሥር «ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ፤ ሠራተኞቻችንም አይጠይቁዎትም» ይላል። ኮዱን ትቼ ይህንኑ ቃል በቃል አነበብኩለት። «እሱ ለሌባ ነው፤ እኔ ሠራተኛ ነኝ። ካልሰጡኝ ፋይሉን እዘጋዋለሁ» ብሎ ተቆጣኝ። በካርዴ ጀርባ ባለው ቁጥር መልሼ ልደውል ስለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ገንዘቤን የወሰደውም ሰው ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ስሜን ጠራ፣ አጣደፈኝ፣ አስፈራራኝ፣ ኮድ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ በስልኬ ላይ የታየው የእናንተው ቁጥር ስለነበረ አመንኩት፤ የሌላ ሰው ቁጥር አስመስሎ መደወል እንደሚቻል ያወቅኩት ከተዘረፍኩ በኋላ ነው። አምኜ ስሰጥ «ራስዎ ነዎት የሰጡት» ተባልኩ፤ ተጠንቅቄ ስከለክል ደግሞ አልተባበሩም ተባልኩ።

ቅርንጫፉ ወደ ስልክ ማዕከሉ፣ ማዕከሉ ወደ ቅርንጫፉ ሲያመላልሰኝ ታግሻለሁ። «ሊንኩን ተጭነው መረጃዎን ያድሱ» የሚል መልእክት በየጊዜው ስትልኩም ዝም ብያለሁ፤ ነገር ግን ሊንክ መጫንን ከባንኩ የለመደ ደንበኛ የአጭበርባሪውን በምን ይለየዋል?

ስለዚህ አቤቱታዬ ዛሬውኑ እንዲከፈትልኝ፣ የደወለልኝም ሰው ማንነት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሠራተኛችሁ ከነበረ በጽሑፍ ይቅርታ ልጠየቅ፣ ከደንበኞች ኮድ መጠየቅም ይቁም፤ ካልነበረ ደግሞ የአቤቱታዬን ምስጢር ለውጭ ሰው ማን እንዳወጣው ይመርመር። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ምላሽ ካላገኘሁ ጉዳዩን ባንኮችን ለሚቆጣጠረው አካል አቀርባለሁ፣ ሂሳቤንም እዘጋለሁ።

የኮዱ መልእክት ከነማስጠንቀቂያው በስልኬ ላይ ስላለ ፎቶውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር