ሰው ሲጥለው አፉን ተዉት፣ ሰዓቱን ያዙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ስለሚጥል በሽታ ነው፣ ስለ በሽታው ራሱ ሳይሆን ሰው ፊታችን ወድቆ ሲንፈራገጥ አጠገቡ ያለነው ሰዎች ስለምናደርገው ነገር። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ያመዋል፣ እና እውነቱን ለመናገር በሽታው ካደረሰበት ጉዳት ሊረዱት የሮጡ ሰዎች ያደረሱበት ይብሳል። የፊት ጥርሱ ግማሹ የለም። መንገድ ላይ ጥሎት አንዱ ምላሱን እንዳይውጥ ብሎ የብረት ማንኪያ በጥርሶቹ መሀል በግድ ሲያስገባ ነው የተሰበረው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ሊያድነው ነው የፈለገው፣ ሲባል የሰማውን ነው ያደረገው።

ምላስ ግን አይዋጥም እኮ። ከስሩ ከአፍ ወለል ጋር የተያያዘ ነገር ነው፣ ወደ ጉሮሮ ተውጦ የሚሄድበት መንገድ የለም። ሊነክሰው ይችላል አዎ፣ ደም የቀላቀለ አረፋ ሲደፍቅ ማየት ያስደነግጣል፣ ግን የተነከሰ ምላስ ይድናል፣ የተሰበረ ጥርስ ደግሞ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል፣ ጣታችሁን ከከተታችሁም ክፉኛ ትነከሳላችሁ። ስለዚ ማንኪያም ጨርቅም ጣትም አፍ ውስጥ አይገባም በቃ። ውሃና የሚዋጥ መድሃኒትም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ነቅቶ በደንብ እስኪያወራችሁ ድረስ አይሰጥም፣ ትን ይለዋል።

ሌላው መያዝ ነው። አንዱ እጁን አንዱ እግሩን ጭኖ ሊያስቆመው ይታገላል። መንቀጥቀጡ እኮ የሚመጣው ከአንጎል ነው፣ የአንጎል ህዋሳት በአንዴ ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ መልእክት ሲለቁ ጡንቻው ይታዘዛል፣ እጁን ስለተጫናችሁት አይቆምም፣ ትርፉ ትከሻ ማውለቅ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ መጀመሪያ ሰዓት እዩ። ይሄን የሚያደርግ ሰው ብዙም አላይም፣ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማንቀጥቀጡ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ በራሱ ይቆማል፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን አንዷ ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ነው የምትመስለው፣ በግምት አይሆንም። ስልካችሁን አውጡ፣ ለመቅረጽ ሳይሆን ሰዓት ለመያዝ፣ እባካችሁ አትቅረጹት። 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራት ግዴታ ነው፣ ከዛ በኋላ በራሱ ላይቆም ይችላል፣ በቆየ ቁጥርም አንጎልን ይጎዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለው ሰው ከሆነ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ነፍሰ ጡር ወይ የስኳር ታማሚ ከሆነች፣ ውሃ ውስጥ ከሆነ ወይ ሲወድቅ ከተጎዳ 5 ደቂቃውንም አትጠብቁ።

ሰዓቱ እየቆጠረ ጭንቅላቱ ስር ጃኬት ምናምን አድርጉለት፣ መነጽር ካለው አውልቁ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ፍቱ፣ ዙሪያውን ያለውን ወንበርና ስለት አርቁ፣ መኪና መንገድ ወይ እሳት አጠገብ ካልሆነ ከቦታው አትጎትቱት። ከንፈሩ ሊጠቁር ይችላል፣ ጡንቻው ሲገተር ለትንሽ ጊዜ መተንፈስ ስለሚያቅተው ነው፣ እየተንቀጠቀጠ እያለ ደረቱን አትጫኑ። ረገብ ሲልለት በጎኑ አስተኙት፣ ጎኑ ጋ ተንበርክካችሁ ከናንተ ራቅ ያለውን ጉልበቱን አጥፉና ወደናንተ ሳቡት፣ ሰውነቱ ራሱ ይከተላል፣ ከዛ እጁን ጉንጩ ስር አድርጋችሁ አገጩን ትንሽ ቀና አድርጉት። ምራቁ ወደ መሬት ይፈሳል እንጂ ወደ ጉሮሮ አይመለስም። ያኔ ትንፋሹን አዳምጡ፣ በደንብ ካልተነፈሰ ያኔ ነው ደረት መጫን የሚመጣው፣ አምቡላንስም ወዲያው።

አረፋው ይይዘናል ብለው የሚሸሹ አሁንም አሉ። በምራቅም በትንፋሽም በመንካትም አይተላለፍም፣ ቁርጥ ያለ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን የሚሆን ሰው የሚጥል በሽታ (ኤፒሌፕሲ) አለበት፣ በትክክል ከታወቀላቸውና ከታከሙ ደግሞ እስከ 70 በመቶው ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ።

ሲነቃ ያለውን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስብበትም። ወንድሜ አይኑን ሲገልጥ የት እንዳለ አያውቅም፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ራሱን ያመዋል፣ አንዳንዴ ሽንት አምልጦት ልብሱ ረጥቦ ይሆናል፣ እና መጀመሪያ የሚያየው ዙሪያውን ከቦ የቆመ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ወገቡ ላይ ጣል አድርጋለት ሰዉን ገለል በሉ ብላ አጠገቡ ቁጭ ብላ ቀስ እያለች አወራችው፣ እስካሁን ያነሳታል። ያን ያህል ነው የሚፈለገው፣ እስኪረጋጋ አብሮት መቆየት።

ሁሉም ደግሞ አይወድቅም፣ አንዳንዱ ፈዝዞ ይቀራል፣ ከንፈሩን ያላምጣል፣ የልብሱን ቁልፍ ይነካካል፣ ብትጠሩት አይሰማም። ሰካራም ነው ብላችሁ አትጎትቱት፣ ከአደጋ ቦታ ቀስ አድርጋችሁ መልሱትና ጠብቁት።

እናንተን የምለምነው በጎን ማስተኛቱን በጤና ገጻችሁ በስዕል እንድታወጡት ነው፣ በጽሁፍ ብቻ ሲሆን ጉልበቱን ማጠፉ ጋ ሰው ግራ ይጋባል።

አንባቢያችሁ