ቲካል ምን ይጠጣ ነበር?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጥንታዊቷ የማያ ሕዝብ ከተማ ስለ ቲካል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ፎቶዎቹም ያምራሉ። ግን ስለ ፒራሚዶቹ ያን ያህል ተጽፎ ስለ ውሃው አንድ መስመር እንኳ አለመግባቱ ቆጨኝ። «ሕዝቡ በምስጢር ተሰወረ» የሚለው መዝጊያችሁ ደግሞ ጨርሶ አልዋጥልኝ አለ።

እንጀራዬ የውሃ ሥራ ስለሆነ ይሆናል፣ የቲካል ስም ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣብኝ «ምን ይጠጡ ነበር?» የሚል ጥያቄ ነው። ከተማዋ ያለችው በሰሜን ጓቴማላ፣ በፔተን ጫካ ውስጥ ነው። አጠገቧ ወንዝ የለም። መሬቱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡን ምጥጥ ያደርገዋል። በጋው ደግሞ ለወራት ይዘልቃል። እዚያ ነው እንግዲህ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የኖረው።

እንዴት ቻሉት? አደባባዮቻቸውን በኖራ ለስነው ትንሽ ዘንበል አደረጓቸው። ዝናቡ ሳይሰርግ ወደ ማጠራቀሚያዎቹ ይወርዳል። ዛሬ ቱሪስቱ ቆሞ ሰልፊ የሚነሳበት ሜዳ ያኔ የከተማዋ ውሃ መሰብሰቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንደሚለው ከግድቦቹ አንዱ 80 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቁመቱም 10 ሜትር ገደማ ነው። ያለ ብረት መሣሪያ፣ ያለ በሬና ያለ ፈረስ! በ2020 ደግሞ ኮሪየንታል በተባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ አሸዋና ዜኦላይት የተባለ ማዕድን ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ውሃ ማጣሪያ ነበር ይላሉ። ዜኦላይት ዛሬም ለውሃ ማጣሪያ ይውላል።

የሚገርመው ግን ሌላው ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት በቤተ መንግሥቱና በቤተ መቅደሱ አጠገብ ባሉት ማጠራቀሚያዎች ደለል ውስጥ ብዙ ሜርኩሪ አገኘ። ሕንፃዎቹን ያስዋቡበት ቀይ ቀለም ሜርኩሪ አለበት፤ ዝናብ እያጠበ ወደ ውሃው አወረደው። መርዛማ አልጌም ነበረበት። ኮሪየንታል ግን ንጹሕ ነበር። የባሰው ውሃ ከንጉሡ ደጅ ያለው ነው ማለት ነው።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ላይ ድርቅ ተጨመረበት። ቀን የተቀረጸበት የመጨረሻው ሐውልት የ869 ነው። ሰዉም ቀስ በቀስ ከተማዋን ለቆ ሄደ። የውሃው ነገር ብቻውን አባረራቸው አልልም፤ ጦርነትም ነበር። ምስጢር የምትሉት ግን የቱ ላይ ነው?

ደግሞስ ማን ተሰወረ? ዛሬ በጓቴማላ ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ማያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው ሪጎቤርታ ሜንቹ የኪቼ ማያ ተወላጅ ናት።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ያችን ዓረፍተ ነገር አርሙልን። ቦታ ከተረፈም ከፒራሚዶቹ ፎቶ አንዱን ቀንሳችሁ የማጠራቀሚያዎቹን አንድ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
የውሃ ሥራ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ