ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፦ «መሸ እንዴ?» ስላለችኝ እናቴ

የጤና ተቋማት ግንባታን ለምትመሩ፣ ፕላን ለምታጸድቁ፣ በጀት ለምትይዙ ኃላፊዎች በሙሉ፤ ጤና ይስጥልኝ።

እናቴ ስኳርና ግፊት አለባት። በየወሩ ክትትል አላት፤ የማመላልሳት እኔ ነኝ። የምንሄድበትን ቦታ ስም አልጠራም። ሐኪሞቹም ነርሶቹም ደጎች ናቸው፤ ደግሞም የምጽፍላችሁ ነገር ብዙ ቦታ ያለ ነው። የምጽፈው ስለ መጠበቂያው ነው። ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ መብራቱ።

ባለፈው ቀጠሯችን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰን ካርድ አወጣን። ከዚያ ተመላላሽ ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው ረጅም ኮሪደር ገብተን ተቀመጥን። መስኮት የለውም። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ቡናማ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ጣሪያው ላይ ካሉት ሸምበቆ መብራቶች አንዱ ብልጭ ድርግም ይላል። የብረቱ አግዳሚ ስለሚቀዘቅዝ እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀመጠችበት። ሰው በሰው ላይ ነው፤ የሚያስለው ያስላል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ስም የሚጠራው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል፣ ሴራሚኩና ባዶው ግድግዳ ድምፁን መልሰው ያስተጋቡታል። እናቴ ትንሽ አሸለባትና ብንን ብላ «መሸ እንዴ?» አለችኝ። ረፋድ 4 ሰዓት ነበር። ውጭ ፀሐዩ ቦግ ብሏል።

ተራዋ ደርሶ ግፊቷ ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ «እማማ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉና ደግመን እንለካዎታለን» አለቻት። የት ትረፍ? ተመልሳ እዚያው ኮሪደር? ደግፌ ይዣት ወጣሁ። ግቢው ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ጥድ አለ፤ ሥሩ ሰዎች ድንጋይ ደርድረው ይቀመጣሉ። እናቴ ከመሬት ቅንጣቢ አንስታ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና አሸተተችው። ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር የሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመረች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተን ስንመለስ ልኬቱ ወርዶ ነበር። ዛፉ ነው ያወረደላት ብዬ አልከራከርም፤ ሰው አረፍ ሲል ግፊቱ ዝቅ ሊል እንደሚችል ባለሙያዎቹ ናቸው የነገሩኝ። ግን ታካሚ እንዲጠብቅበት የተሠራው ቦታ አላሳረፋትም፣ ማንም ያላሰበበት የግቢ ጥግ አሳረፋት።

አንድ ሌላ ነገር ልብ አልኩ። ጥዱ ሥር የተቀመጠው ሁሉ በሩ ላይ ሰው አቁሟል። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ስም ያዳምጣል። ብቻውን የመጣ ሰው ግን ተራው እንዳያልፈው ፈርቶ ከኮሪደሩ ንቅንቅ አይልም። ስሙ የሚጠራበት ቦታ ከጥላው አጠገብ ቢሆን ኖሮ እሱም ያርፍ ነበር።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ አገላብጦ አየ። የግማሾቹ መስኮት ዛፍ ያሳያል፣ የግማሾቹ ደግሞ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ አገግመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እነዚያ ተኝተው የሚታከሙ ነበሩ፣ የኛዎቹ ተመላላሾች ናቸው። ቢሆንም እናቴም ግማሽ ቀን የምታፈጥበት ግድግዳ አላት።

የአየሩ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከፍተኛ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በሚያስል ሰው የተሞላ የታፈነ ኮሪደር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ፔሩ ሊማ ውስጥ ስምንት ሆስፒታሎች ተለክተው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ትልልቅ የሆነ የድሮ ክፍሎች ከኋለኞቹ ዘመናዊ ክፍሎች በተሻለ አየር እንደሚቀያየርባቸው አሳይቷል። ሩዋንዳ ደግሞ ቅርባችን ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የቡታሮ ሆስፒታል በሽታ በኮሪደር እንዳይተላለፍ ተብሎ ሰው የሚመላለስበትና የሚጠብቅበት ቦታ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደርጎ ነው የተሠራው። ግድግዳው የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የጠረቡት የዚያው አገር ግንበኞች ናቸው። እኛ ድንጋይ አጣን? ጠራቢ አጣን?

ቀርከሃ ከአፍሪካ በብዛት ያለን እኛ ነን። አዊና ሲዳማ ከየቤቱ ጓሮ ይበቅላል። የአምቦ ድንጋይ አለ። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ አለ። ግን አዲስ ጤና ጣቢያ ሲገነባ ብዙ ጊዜ የማየው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ አልሙኒየምና በጥቂት ዓመት የሚሰነጠቅ ጂፕሰም ነው። እናቴ ሴራሚኩ ላይ እንዳትንሸራተት ክንዴን ጨብጣ ነው የምትራመደው። ሸካራ የአምቦ ድንጋይ ላይ እንዲህ አትፈራም።

ደግሞ ማንበብ የማይችለውን ሰው አስቡት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። «ላብራቶሪ»፣ «ራጅ»፣ «መድኃኒት ቤት» የሚሉት ጽሑፎች ለእሷ ምንም አይነግሯትም፤ በየበሩ መጠየቅ አለባት፣ መጠየቅ ደግሞ ያሳፍራታል። በየክፍሉ መግቢያ ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ተክል ተልቅ ተደርጎ ቢሳልስ? ሕፃናት ክፍል አደይ አበባ፣ ላብራቶሪ ወይራ፣ መድኃኒት ቤት ጤና አዳም፣ ቲቢ ክፍል እንሰት። «ወይራው ጋ ሂጂ» ቢሏት ማንንም ሳትጠይቅ ትደርሳለች። እነዚህን ቅጠሎች ከእኔም ከእናንተም በላይ ታውቃቸዋለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀለምና አንድ ጎበዝ ሠዓሊ ነው።

ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል። አፈር ያለበት የአበባ ማሰሮ ቁስል የሚታጠብበት ክፍል ውስጥ አይገባም። የቆመ ውሃ ትንኝ ያራባል፤ ስለዚህ ፏፏቴ አልጠይቅም። እንጨትና ቀርከሃው እጅ በማይነካው በጣሪያው ላይ ይሁን፣ የሚነካው ነገር የሚታጠብ ይሁን። የፕላስቲክ አበባ ግን እባካችሁ አታምጡ፣ አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅም የለውም። አንድ ፕላን ደግሞ ለሁሉም አገር አይሆንም። አዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ነው፣ ታካሚ የጠዋት ፀሐይ ይፈልጋል። ድሬዳዋና አፋር ግን ጥላና ሰፊ በረንዳ ነው የሚያስፈልገው።

ገንዘብ የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። መስኮት በፕላን ላይ እያለ ቦታ መቀየር ማለት መስመር ማጥፋትና ማስመር ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ነው። ከተማችን መንገድ ዳር አበባ ማጽደቅ፣ ሣር ማልበስ ተምራለች፤ በኮሪደር ልማቱ አይተናል። በአረንጓዴ አሻራም በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ለምን ተመላላሽ ክፍሉ መስኮት ሥር አይተከልም? በሽተኛው ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ ዙሪያው አግዳሚ ተሠርቶለት።

ሚኒስቴሩ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ እንዲኖረን ሲሠራ ቆይቷል። እኔም ፍሬውን አይቻለሁ፤ ያቺ ነርስ እናቴን «ይበሉ» እያለች ነው ያናገረቻት። ግን ታካሚ ባለሙያውን የሚያገኘው አሥር ደቂቃ ነው። ከግድግዳው ጋር ግማሽ ቀን ይውላል። ግድግዳውም ያክብረው።

የምጠይቃችሁ ይኸውና። በየክፍለ ከተማው አንድ አንድ ነባር ጤና ጣቢያ ምረጡና መጠበቂያውን ወደ ግቢው አውጡት፤ ዝናብና ፀሐይ የሚከላከል ጣሪያ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ ስም ሲጠራ እዚያ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ማጉያ። ለአዳዲሶቹ ደግሞ ፕላኑ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አርክቴክቱን «በሽተኛው የሚጠብቀው የት ነው? እዚያ ተቀምጦ ምን ያያል?» ብላችሁ ጠይቁልን።

ከተቻለም አንድ ቀን ጠዋት፣ ሳይነገርላችሁና ሳይጸዳላችሁ፣ ከወረፋው ጋር እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ተቀመጡ። አግዳሚው ላይ ቦታ እንይዝላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
እናቷን በየወሩ የምታመላልስ ልጅ