ጭንቅላቱ ሳይታይ ቅባት አይታዘዝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ፀጉር መድኃኒቶች የሚደረገው ክርክር «ሚኖክሲዲል (ራስ ቆዳ ላይ የሚቀባ የፀጉር መድኃኒት) ፍቱን ነው» እና «ገንዘብ ማባከን ነው» በሚሉ ወገኖች ተይዟል። እንደ መነቃቀሉ ዓይነት ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዓይነቱ የሚለየው ደግሞ በምርመራ ነው። ጋዜጣችሁም ስለ መድኃኒቶቹ ሲጽፍ የትኛው ለየትኛው መነቃቀል እንደሆነ ቢጠቅስ መልካም ነው።

ለምርመራ የሚመጣ ሰው ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ፀጉሩን አይታጠብ፣ አይቀባ። ሹሩባ ይፈታ፣ ዊግ ይውለቅ። ሐኪሙ ከ50 እስከ 60 ፀጉሮችን በጣቶቹ ይዞ ከሥር ወደ ጫፍ ቀስ ብሎ ይስባል፤ ከ6 በላይ ከወጡ መነቃቀሉ አልቆመም ማለት ነው። ቀጥሎ ደርሞስኮፕ በሚባለው ባለ መብራት ማጉያ የራስ ቆዳው ይታያል። ቆዳው ካብለጨለጨና የፀጉር ቀዳዳዎቹ ከጠፉ ሥሩ ጠባሳ ሆኗል፤ እዚያ ላይ ምንም ቢቀባ አይበቅልም፣ የሚታከመው የተረፈው እንዳይጠፋ ነው። ጥርጣሬ ካለ 4 ሚሊ ሜትር የምታህል ናሙና ከቆዳው ትወሰዳለች።

በአገራችን ከግንባርና ከጆሮ በላይ የሚሳሳው ፀጉር ብዙ ጊዜ የጥብቅ ሹሩባ ውጤት ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ሹሩባውን ማላላት ይበቃል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ሲሠራ የሚያም ወይም ሥሩ ላይ ብጉር የሚያወጣ ሹሩባ ጠብቋል፤ «ይለመዳል» ማለት አያዋጣም።

የልጆች ቆረቆር ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም፤ ግሪሲዮፉልቪን የተባለው የፈንገስ መድኃኒት በልጁ ክብደት ተለክቶ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይዋጣል። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ማሳከኩን አስታግሶ ፈንገሱን ያስፋፋል።

ከወሊድ ወይም ከከባድ ትኩሳት 2 እና 3 ወር በኋላ የሚረግፈው አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። ምስጋናውን የሚወስደው ግን በዚያ ሰሞን የተቀባው ዘይት ነው።

ሚኖክሲዲል በዋናነት የሚያገለግለው በዘር ለሚመጣው መሳሳት ነው። ወንዶች ባለ 5 በመቶውን ፈሳሽ 1 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 2 ጊዜ፣ በደረቅ የራስ ቆዳ ላይ ይቀባሉ፤ ፀጉሩን ማራስ ጥቅም የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መነቃቀሉ ሊብስ ይችላል፣ ብዙዎች የሚተዉትም ያኔ ነው። ለመፍረድ ቢያንስ 4 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። ካቆሙት ያቆየው ፀጉር መልሶ ይረግፋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይቀቡትም።

ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን እጥረቱ ለሌለበት ሰው ፀጉር እንደሚያበቅል አልተረጋገጠም። የታይሮይድና የልብ ደም ምርመራ ውጤትን ግን ሊያዛባ ስለሚችል፣ የሚወስዱት ሰዎች ለምርመራ ደም ከመስጠታቸው በፊት ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ከአክብሮት ጋር
የቆዳ ሐኪሞች፣ አዲስ አበባ