መድኃኒቶችሽን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዘሽ ሂጂ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ «ዶክተር የምትሆኚው መቼ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ጥያቄሽ በችኮላ የሚመለስ ስላልሆነ በደብዳቤ ላስረዳሽ አልኩ። በዚያውም ሰሞኑን ከአእምሮዬ ያልወጣ ጉዳይ አለኝ፤ አንቺንም ይመለከታል።

የምማረው የሐኪም ረዳትነት ነው። ሙያው እዚህ አሜሪካ የተጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. በዱክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶክተር ዩጂን ስቴድ የሐኪሞች እጥረት አሳስቧቸው፣ በባሕር ኃይል ውስጥ በሕክምና ሥራ ያገለገሉ ጥቂት ሰዎችን ተቀብለው ማሠልጠን ጀመሩ። የሐኪም ረዳት በሽተኛ ይመረምራል፤ የላቦራቶሪ ምርመራና መድኃኒት ያዛል፤ በቀዶ ሕክምና ያግዛል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከሐኪም ጋር እየተመካከረ ነው። እንግዲህ ስመረቅም ዶክተር ተብዬ አልጠራም፤ ቅር እንዳይልሽ። የምወደው ሥራ ነው።

የክፍል ትምህርቱ አልቋል። አሁን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየተዘዋወርን በሆስፒታልና በክሊኒክ የተግባር ልምምድ ላይ ነን። በቀዶ ሕክምና ክፍል ለረጅም ሰዓት ቆሜ መሥራትን ተማርኩ። በሕፃናት ክፍል የሚያለቅስ ልጅ በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ ሳንባውን ማዳመጥን ለመድኩ። ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን የውስጥ ደዌ ክፍል ነው፤ እዚያ የሚተኙት አብዛኞቹ የአንቺ እኩዮች ናቸውና።

አንዲት እናት አዙሯቸው ቤታቸው ውስጥ ወድቀው መጡ። የጤና ታሪካቸውን እንድጠይቅ አሠልጣኜ ሐኪም ላኩኝ። «ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ስላቸው «የግፊት ብቻ» አሉኝ። ልጃቸው ግን ከቤት አንድ ከረጢት ይዛ መጥታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩትና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። በአንዱ ላይ «ሜቶፕሮሎል»፣ በሌላው ላይ «ሎፕሬሶር» ተጽፏል፤ ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው። አንዱን ያዘዘው አንድ ክሊኒክ ነው፤ ሌላውን ያዘዘው ሌላ። እርሳቸውም እንደ ታማኝ በሽተኛ ሁለቱንም ጠዋትና ማታ ሲውጡ ከርመዋል። የእጃቸውን የደም ሥር ይዤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 42 መጣ። መድኃኒቱ የልብን ምት የሚያዘገይ ስለሆነ፣ እጥፉን ሲወስዱ ልባቸው ከሚገባው በላይ ዘገየች።

ከከረጢቱ ሥር ደግሞ ሊያልቅ የደረሰ የኢቡፕሮፌን ጠርሙስ ወጣ፤ ለጉልበታቸው ሕመም የሚወስዱት ማስታገሻ ነው። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ እኮ ነው፤ እርሱም መድኃኒት ሆኖ?» አሉኝ። እማዬ፣ ይህን አንብበሽ እንዳታልፊው። ኢቡፕሮፌንና መሰሉ ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ከአንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችና ሽንት ከሚያበዛ ክኒን ጋር ሲደራረቡም በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ኩላሊት ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። የአንቺም ጉልበት ያምሻል፤ አንቺም የግፊት መድኃኒት ትወስጃለሽ።

እኚያን እናት አልወቅሳቸውም። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ በችኮላ ከጠየቀ፣ በሽተኛውም በችኮላ «ደህና ነኝ» ብሎ ይወጣል። እኔ አሁን ተማሪ ስለሆንኩ ወንበር ስቤ የምቀመጥበት ጊዜ አለኝ። ስመረቅም ይህ ጊዜ እንዳይወሰድብኝ አጥብቄ እታገላለሁ። ነገር ግን አንቺም ከልጅነቴ ጀምሮ «ደህና ነኝ» ስትዪ ነው የማውቅሽ። እኔን ላለማስጨነቅ ብለሽ እንደምትደብቂ ይገባኛል፤ የዚህን ክፍል አልጋዎች ካየሁ ወዲህ ግን የሚያስጨንቀኝ መደበቅሽ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ቀጠሮሽ የምለምንሽ አለ። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የታዘዘውንም ራስሽ የገዛሽውንም፣ ቅባቱንም ቫይታሚኑንም በአንድ ከረጢት ይዘሽ ሂጂና ሐኪሙ ፊት ዘርግፊው። ስትነሺ የሚያዞርሽ ከሆነ ንገሪው፤ ተኝተሽ ሳለሽ ግፊትሽን ይለካና ከቆምሽ በኋላ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ደግሞ ይለካዋል። የላይኛው ቁጥር 20 ያህል ከወረደ ምክንያቱን መፈለግ አለበት። ወድቀሽ ከሆነ፣ ባትጎጂም እንኳ፣ አትደብቂ። በራስሽ ፈቃድ ግን አንዱንም መድኃኒት እንዳታቆሚ፤ እንደ ሜቶፕሮሎል ያለው በድንገት ሲቋረጥ ራሱን የቻለ አደጋ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሁልጊዜ ደረትን በመጭመቅ አይጀምርም። በሴቶች፣ በአረጋውያንና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ፣ ላብ ማስመጥ ወይም ያልተለመደ ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር በድንገት ቢሰማሽ «እስኪነጋ ልየው» አትበዪ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ለእኔ የሚደወለው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሐኪም ቤት ከመሄድሽ በፊት የመድኃኒቶቹን ስም ከየጠርሙሱ ላይ አስጽፊና ላኪልኝ፤ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። ከቀጠሮሽ ስትመለሺ ደግሞ ሐኪሙ ያለሽን ሳታሳጥሪ ንገሪኝ። በሚቀጥለው ወር የድንገተኛ ክፍል ልምምዴን ስለምጀምር የሌሊት ተረኛ እሆናለሁና ስልክ ባላነሳ አትደንግጪ፤ ከሥራ እንደወጣሁ እደውላለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ