የ12 ቮልቱ ነገር

ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ?

ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ ደህና ነኝ እያልኩ ቀስ ብዬ ልገባ ነበር ሐሳቤ። አልሆነልኝም። እናትህ፣ እማማ፣ ሲያርፉ አልመጣሁም። ጭነት ይዤ ጅቡቲ ነበርኩ፤ ደሴ ስገባ ሰደቃው አልፎ አንተም አዲስ አበባ ተመልሰህ ነበር። ያን ዕለት መደወል ነበረብኝ። ነገ እደውላለሁ ስል ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር ሲሆን አፈርኩ፤ ካፈርኩ ወዲያ ስምህን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር እጄ ይሸሽ ጀመር። ሦስት ዓመት። የማቀርበው ምክንያት የለኝም፤ ይቅር በለኝ። አላህ ይርሃማቸው። የቀረውን ስንገናኝ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ፤ በወረቀት አልችልበትም።

አሁን የምጽፍልህ ስለ ቴሌቪዥን ነው። አዎ፣ ስለ ቴሌቪዥን። ሌላ ሰው ሳልጠይቅ ቀርቼ አይደለም፤ ሁለት ሰው ጠይቄ ነው ያቃጠልኩት።

አባቴ፣ አባባ፣ ከታመመ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ቀኝ ጎኑን ነው የያዘው፤ አንደበቱ ደህና ነው፣ ልቡም ደህና ነው። የደሴ ብርድ አላስቀምጠው ሲል እዚህ እኔ ጋ አወረድኩት። ሙቀቱ ተስማማው፤ ቤቱን ግን ጠላው። አንድ ማታ እግሩን እያሸሁለት «ሠላሳ ዓመት ጋቢና ውስጥ የተኛ ሰው በአራት ግድግዳ መሃል እንቅልፍ አይወስደውም» አለኝ። ያቺን ቃል ተሸክሜ ወር ሙሉ ዞርኩ። በኋላ ተሳቢውን ተውኩና አንዲት ያረጀች ቅጥቅጥ ገዛሁ። ወንበሮቿን ነቅዬ፣ ከግራ በኩል አልጋ፣ ከቀኝ የቡና ዕቃና ምድጃ፣ በኋላ በሯ ላይ በያጅ ያሠራሁት መወጣጫ፣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር። ቤት ሆነች። ሐይቅ ሁለት ሌሊት አድረንባታል፤ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ዳር አቁመን ግመሉ ሲሸጥ አይቷል፤ እስከ ሚሌም ወርደናል። ሐረጎን ስንወርድ ማርሹን በወገቡ ነው የሚሰማው፤ ከባድ ማርሽ ላይ ካልሆንኩ በግራ እጁ የአልጋውን ብረት ይመታዋል። አሰብ በ1990 ቀርቶ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ሲታጠፍ እሱም ታጥፎ ነበር፤ ዛሬም ግን «መንገዱ» ሲል የአሰቡን ማለቱ ነው። ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ለማንም እንዲህ ብዬ አልተናገርኩም።

የጎደለችው ያቺ ዜና ናት። ሬዲዮ ግዛለት እንዳትለኝ። የጭነት መኪናው፣ የኤንትሬው፣ ሞተር ጆሮውን ጨርሶታል፤ የቀረችው የግራዋ ናት፣ እሷም ሲጮሁባት ነው። ዜና የሚሰማው በዓይኑ ነው፤ የአንባቢውን አፍ እያየ፣ ከግርጌ የሚሮጠውን ጽሑፍ እየለቀመ። የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ካመለጠው ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል።

እንግዲህ የሆነውን ስማ። መኪናዋ ባለ 24 ቮልት ናት፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተከታትለው የታሰሩባት። የገዛሁት ባለ 22 ኢንች ደግሞ ጀርባው ላይ «12 ቮልት፣ 3 አምፔር» ይላል። ገመዱን የዘረጋልኝ ልጅ ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ ወስዶ 12 አወጣልኝ። ሠራ፤ ዘጠኝ ቀን እንደ ውሃ ሠራ። በአሥረኛው ቀን ሐይቅ ዳር አድረን ጠዋት ቁልፉን ባዞረው «ጠቅ» ብሎ ዝም። በቴስተር ስለካቸው አንዱ 12.7፣ ቲቪውን የተሸከመው 11.6። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚሞላቸው፤ የደከመው ሳይጠግብ የጠገበው ከልኩ በላይ ሲጋት ከርሟል። አባባ ከአልጋው ሆኖ ያየኝና «ጥማድ በሬ ይዘህ አንዱን ብቻ ነው የምታርስበት?» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ሁለተኛው ባለሙያ «ከሁለቱም እንውሰድና በመቀነሻ እናውርደው» አለ። ነገሩ ትክክል ነበር፤ ያስገባት ሳጥን ግን ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ምንም ያልተጻፈባት ናት። ሞተር ሲነሳ 24ቱ 24 ሆኖ አይቆይም፣ 28 ይገባል። በአራተኛው ቀን ባቲ ስንደርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሳጥኗ ስትሞት 28ቱን እንዳለ አሳልፋው ሞተች። ስክሪኑ አንዴ ወለል ብሎ ነጣ፤ ጠፋ። የዚያን ማታ 2 ሰዓት ሲሆን አባባ ጥቁሩን ስክሪን ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያየው ነበር። እኔን አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ምን አለ መሰለህ? «ያ ቀይ መቆንጠጫ የሚይዘውን ልጅ ጠይቀው እንጂ፤ ትደዋወሉ የለ?»

ይኼ ነው ያስጨነቀኝ፤ ልንገርህ። እማማ ሲቀበሩ አባባ ቆሞ ነበር። ማታውኑ «ለልጁ ደውልለት» ብሎ አዘዘኝ። በሳምንቱ ደወልክ ወይ ሲለኝ ደውያለሁ አልኩት። ዋሸሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ «እንዴት ነው?» ባለ ቁጥር «ደህና ነው» ስል ኖርኩ፤ ደህና መሆንህን ሳላውቅ። እና ጠይቀው ሲለኝ ምን ልበለው?

ያቺ አባባ ከአሰብ በፍራሽ ጠቅልሎ ያመጣላችሁ ጥቁርና ነጭ ቲቪ ትዝ ብላኝ ሰነበተች። መብራት በጠፋ ቁጥር ከኤንትሬው አንዱን ባትሪ አውርዶ በትከሻው ይመጣ የለ? አንተ ቀዩን መቆንጠጫ ይዘህ በር ላይ ትቆማለህ፤ ጥቁሩን ለማንም አትሰጥም። እማማ መጋረጃውን ጠቅልለው በክር ያስሩና መስኮቱን ወለል ያደርጉታል፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደጅ ቆሞ እንዲያይ። ለኔ ብቻ በርጩማ ያወጡ ነበር፤ ለምን ለኔ ብቻ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። አሁን ሳስበው አባባ ዛሬ የግራውን፣ በሌላው ቀን የቀኙን ባትሪ ያወርድ ነበር፤ ያፈራርቅ ነበር ማለት ነው። ያኔ አላስተዋልኩም፤ አንተ ሳታስተውል አትቀርም። (ያጨስካትን የአጎትህን ሬዲዮ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አብሽር።)

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እስካሁን የሠራሁት ይኼ ነው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። የቤቱን ባትሪ ከሞተሩ ለየሁት። ባለ 12፣ 100 አምፔር አወር፣ ከአልጋው ሥር፤ ሶላሩ ለብቻው ይሞላዋል። ቲቪው ቢጨርሰው እንኳ ሞተሩ ይነሳል። ግማሹን ብቻ እጠቀማለሁ ብል 50 አለኝ። 36 ዋት ሦስት ሰዓት ቢሠራ 108፣ ለ12 ሲካፈል 9 አምፔር አወር። ሶላሩ ምንም ባይሰጠኝ አምስት ቀን ያህል ያሳልፈኛል፤ ክረምት ላይ ደሴ ጭጋግ ሲጫናት ይኼ ያስፈልገኛል።

ፒያሳ ሁለት ሱቅ፣ እዚህ ሦስት ሱቅ ገብቻለሁ። የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «32 ኢንች የ220 ውሰድና ኢንቨርተር ግጠም»። ይፈትናል። ትልቅ ነው፣ እንደልብ ይገኛል፣ ቢበላሽም የሚሠራው አይጠፋም። ግን 12ቱን ወደ 220 አውጥቶ፣ ቲቪው ውስጥ መልሶ ማውረድ ላንድ ዕቃ ሁለት ኬላ ቀረጥ መክፈል ነው፤ በየኬላው የሚቀረው በሙቀት መልክ ይቀራል። ደግሞ ኢንቨርተሩን ረስተን ካደርንስ? ባዶውን 10 ዋት ብቻ ቢበላ በቀን 240 ነው፤ ቲቪው ራሱ በምሽት ከሚበላው ከእጥፍ በላይ። አባባ በግራ እጁ ማጥፊያውን አይደርስበትም፤ እኔ ደግሞ ደክሞኝ እተኛለሁ። ስለዚህ ልቤ ከቀጥታው 12 ጋር ነው። ጨርሻለሁ፤ በዚህ እንዳትከራከረኝ።

የምትረዳኝ ከዚህ በኋላ ባለው ነው። «12 ቮልት» የሚለው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት መሆኑ አሁን ገብቶኛል። አንዱ ለመኪናና ለጀልባ ተብሎ የተሠራ፣ ከ9 እስከ 30 ምናምን የሚችል። ሌላው የቤት ቲቪ ሆኖ አዳፕተሩ ውጭ የቀረ፣ ልክ 12 ብቻ የሚፈልግ። ሶላሩ እኩለ ቀን ላይ ባትሪውን ሲሞላ 14.4 ይደርሳል፤ ማታ ደግሞ ወደ 12 ይወርዳል። እዚህ ያለው ሁሉ ሁለተኛው ዓይነት ይመስለኛል፤ ሻጮቹን ብጠይቅ «12 ይላል አይደል?» ነው መልሳቸው። አንተ ድሮ መግቢያው ላይ ያለችውን ካፓሲተር እይ ትል ነበር፤ 16 ቮልት ካለች አትንካው፣ 35 ካለች ትችላለች። ያንኑ ዛሬም ትላለህ? ወይስ የወጣውን አውርዶ፣ የወረደውን አንስቶ 12 ላይ የሚያጸና ማረጋጊያ መሃል ላስገባ? ከሆነ ስንት አምፔር? እንደዚያች ሳጥን ልትሞትብኝ የማትችለውን ነው የምፈልገው። የወጪው ነገር አያሳስብህ።

ሁለተኛው ስክሪኑ ነው። አባባ ተኝቶ ነው የሚያየው፤ ቲቪው ከጋቢናው ጀርባ ከፍ ብሎ ነው የሚሰቀለው። የድሮው ቀጥ ብለህ ስታየው ደህና ነበር፤ እሱ ትራስ ላይ ሆኖ ከታች ሲያየው ግን የሰዉ ፊት ይጠቁር ነበር። መጀመሪያ አላወቅኩም፤ አንድ ቀን ከጎኑ ጋደም ስል ነው ያየሁት። ለካ አሥር ቀን ሙሉ እንደዚያ ሲያይ ኖሮ ዝም ብሏል። ከየትኛውም ጎን ሲያዩት የማይጠቁረውን ሱቅ ውስጥ ሳለሁ እንዴት ልለየው? ቁጭ ብዬ ከታች ላየው አስቤያለሁ፤ ሰው ምን ይለኛል አልልም። ከትራሱ እስከ ስክሪኑ 1 ሜትር ከ80 ነው። 24 ኢንች ላይ የግርጌውን ጽሑፍ ያነበዋል ትላለህ?

ዲሹ ብዙ አላስቸገረኝም። 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለችዋን ሳተላይት ነው የምፈልገው፤ ከዚህ አገር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ወደ ላይ በጣም ስለሚቀና ተራራ አይከልለኝም፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንጂ። ጥላ ፈልጌ ዛፍ ሥር ካቆምኩ ዜናው የለም። ሪሲቨሩም ባለ 12 አዳፕተር ነው፤ ከዚያው ከባትሪው በፊውዝ አወጣለታለሁ። ለእሱም ማረጋጊያው ያስፈልገዋል?

ገመዱን ቀይሬዋለሁ። ያ ልጅ የዘረጋው የስፒከር ሽቦ የሚመስል ቀጭን ነበር፤ ቲቪው በርቶ ባትሪው ላይ 12.3 ሲያሳይ መሰኪያው ላይ 11.4 ነበር የሚደርሰው። ወደ 1 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ቀርቶ! አሁን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር አስገብቻለሁ፤ ፊውዙንም ከባትሪው አጠገብ። ሲነዳ ቲቪውን ከግድግዳው አውርጄ በጋቢ ጠቅልዬ ፍራሹ ላይ አስተኛዋለሁ፤ ሚሌ ቀን ላይ ጨርሶ አላበራውም፤ መመሪያው እስከ 40 ዲግሪ ይላል፣ እዚያ ተዘግታ የዋለች መኪና ደግሞ ምጣድ ናት።

ስለ ራሴ ምንም አልነገርኩህም። ያው ነኝ። ጸጉሬ ሸብቷል፤ ያንተም ሳይሸብት አይቀርም፤ እንደ ድሮው ሻይህን ረስተህ ታቀዘቅዘዋለህ?

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ልጅ አንድ ካርቶን አብሮ ይሰጥሃል። የተቃጠለው ቲቪ ቦርድና ያቺ ሳጥን ናቸው፤ ሳልነካካ ነው የላክሁልህ፤ መግቢያው ላይ የትኛው እንደፈነዳ ታየዋለህ። ሥሩ ያለው በርበሬ የእህቴ ነው፣ ለባለቤትህ።

ለአባባ ትናንት ማታ እውነቱን ነገርኩት፤ ደውዬልህ እንደማላውቅ። ብዙ ዝም ብሎ «ታዲያ ጻፍለት» አለኝ። ስልኬ አልተለወጠም። ስትደውል ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ደውል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። ስለ እማማ ራሱ ሊያናግርህ ይፈልጋል። ጮክ በልለት።

ጓደኛህ